ከዓይን ፍርድ ወደ ብርሃን ልኬት፦ የሣር ሜዳ ምዘና ታሪክ

የኳስ ሜዳን፣ የጎልፍ መጫወቻን ወይም የመናፈሻን ሣር ጥራት መመዘን ለረጅም ዘመን ለሰው ዓይን የተተወ ሥራ ነበር። በአሜሪካ የሣር ዝርያዎችን የሚያወዳድረው ብሔራዊ የሣር ምዘና ፕሮግራም በሚከተለው ሥርዓት፣ መዛኙ በየመደቡ እየቆመ የሣሩን ቀለም፣ የቅጠሉን ቅጥነት፣ ችፍግነቱንና ወጥነቱን ከተመለከተ በኋላ ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣል፤ 9 የምርጡ ሣር ነጥብ ሲሆን፣ 6 ደግሞ ተቀባይነት ላለው ሣር የመጨረሻው ዝቅተኛ ወለል ነው። ዘዴው ፈጣንና ወጪው አነስተኛ ቢሆንም፣ አንዱ መዛኝ 7 የሰጠውን ሌላው 6 ሊሰጠው ስለሚችል፣ ተመራማሪዎች በመዛኙ ማንነት የማይለዋወጥ ልኬት መሻታቸው አልቀረም።

ለዚህ ልኬት መሠረት የሆነው የቅጠሉ የራሱ ጠባይ ነው። ለቅጠል አረንጓዴ መልኩን የሚሰጠው ክሎሮፊል ቀዩን ብርሃን ሲመጥ፣ የቅጠሉ ሕዋሳትና በመካከላቸው ያሉት የአየር ክፍተቶች ደግሞ ታህተ ቀዩን፣ ማለትም ዊልያም ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1800 ያገኘውንና ዓይን የማያየውን ጨረር፣ በብዛት መልሰው ያንጸባርቁታል። ሣሩ ሲጠወልግ ግን የሚመለሰው ቀይ ብርሃን ይጨምራል፣ ታህተ ቀዩም ይቀንሳል።

ሁለቱን ጨረሮች ማነጻጸር የተጀመረው በሣር ሜዳ ላይ አልነበረም። ተመራማሪው ካርል ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ1969 የደን ቅጠልን ስፋት ለመገመት ተጠቀመበት፤ ላንድሳት 1 ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1972 ከመጠቀች በኋላም፣ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ራውስና ባልደረቦቹ የመካከለኛው አሜሪካን ሰፊ የግጦሽ ምድር ለመከታተል፣ ከታህተ ቀዩ ላይ ቀዩን ቀንሶ ልዩነቱን ለድምራቸው የሚያካፍለውን የልምላሜ ቀመር ሥራ ላይ አዋሉ። ለምሳሌ አንድ መደብ ከታህተ ቀዩ 45፣ ከቀዩ 5 በመቶ ቢመልስ ውጤቱ 0.8 ይሆናል፤ ደረቁ መደብ 30 እና 20 በመቶ ቢመልስ ግን 0.2 ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1979 ተመራማሪው ኮምፕተን ተከር የዚህ ዓይነት ስሌቶችን በሣር መደቦች ላይ አነጻጽሮ ያሳተመ ሲሆን፣ ይኸው ቀመር ኋላ ከሳተላይት መረጃ እየተሰላ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአፍሪካ የድርቅ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ለመሆን በቅቷል።

ይህ ልኬት ወደ ሣር ሜዳ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ትሬንሆልም፣ ካሮና ደንከን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ፓስፓለም በተባለው ሣርና ከሰርዶ በተዳቀሉ ዝርያዎች ላይ የብርሃን ልኬቱን ከመዛኞች ነጥብ ጋር አስተያዩ። ከዚያም በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የራሱን ብርሃን የሚያመነጭ መሣሪያ በተሽከርካሪ ላይ ተጭኖ በሜዳው ላይ ሲነዳ፣ ደመናና ፀሐይ መፈራረቃቸው ልኬቱን የሚያዛባበት ችግር በእጅጉ ተቃለለ።

ይሁን እንጂ የአዲሱ ልኬት ትክክለኛነት የተረጋገጠው ሊተካው ከታሰበው ከዓይን ፍርድ ጋር እየተመሳከረ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ጥማት፣ በሽታና የናይትሮጂን እጥረት ሁሉም ቁጥሩን ዝቅ ስለሚያደርጉት፣ መሣሪያው ልምላሜው የጎደለበትን ስፍራ ሲያመለክት፣ የጎደለበትን ምክንያት ለማወቅ ግን ዛሬም ባለሙያው በርከክ ብሎ ሣሩን በእጁ ገለጥ አድርጎ ሥሩን ማየት ይኖርበታል።