የቅድሚያ ዋጋ፦ የአንድ መስኮት ወረፋ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1909 በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ስለ ስልክ ጥሪዎች አንድ ጥናት አሳተመ። መነሻው የነጋዴ ጥያቄ ነበር፤ ደንበኛው እንዳይማረር፣ ኩባንያውም ገንዘቡን በከንቱ እንዳያፈስ ስንት መስመር ይበቃል? የወረፋ ሒሳብ የተወለደው ከዚህ ነው።

ለአስተዳደር ይበልጥ የሚበጀው ትምህርት የመጣው ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1961 ገና ወጣት የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ኪንግማን፣ አንድ አገልጋይ ብቻ ያለበት ወረፋ ከአቅሙ ጫፍ ሲደርስ ምን እንደሚሆን መረመረ። ጫናው ሲበረታ ብዙው ዝርዝር ክብደት ያጣል፤ ጥበቃውን የሚወስኑት መስኮቱ የተያዘበት መጠን፣ የአንድ ጉዳይ አማካይ ጊዜና የመዋዠቁ ስፋት ብቻ ይሆናሉ።

አንድ ጉዳይ በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል እንበል፤ ባለጉዳዮች የሚመጡትም የሚስተናገዱትም ኤርላንግ ለስልክ በገመተው ዓይነት መዋዠቅ ነው። መስኮቱ ከጊዜው 80 በመቶውን ሲያዝ አማካይ ጥበቃው 40 ደቂቃ ነው። በ90 በመቶ 90 ደቂቃ፣ በ95 በመቶ ደግሞ ከ3 ሰዓት በላይ ይሆናል። የበጀት ሹም እንደ ሥራ ፈትነት የሚቆጥራት ያቺ ቀሪ 10 በመቶ የወረፋው መተንፈሻ ናት።

መስኮት መጨመር ውድ ስለሆነ ሹማምንት ብዙውን ጊዜ የሚመርጡት ቅድሚያ መስጠትን ነው። አሜሪካዊው ሌናርድ ክላይንሮክ በ1965 የዚህን መፍትሔ ወሰን አሳየ። መስኮቱ ሥራ እያለው እስካልቦዘነ፣ የተጀመረ ጉዳይም እስካልተቋረጠ ድረስ፣ ተራ በማቀያየር የሚገኘው የጊዜ ትርፍ በሥራ ጫና ሲመዘን ድምሩ ዜሮ ነው። ከላይ ባለው መስኮት 90 በመቶው ሲያዝ ባለጉዳዮቹን እኩል ለሁለት ከፍለን ለግማሾቹ ቅድሚያ ብንሰጥ፣ እነርሱ 16 ደቂቃ ያህል ይጠብቃሉ፤ የቀሩት ግን 164 ደቂቃ። አማካዩ አሁንም 90 ነው። በዓመታዊ ሪፖርት ላይ የሚወጣው የትኛው ቁጥር እንደሚሆን ለመገመት አያዳግትም።

ጉዳዮቹ የተለያየ ርዝመት ሲኖራቸው ነገሩ ይለወጣል፤ አጫጭሮቹን ማስቀደም የጠባቂዎቹን ቁጥር ይቀንሳል። ዴቪድ ኮክስና ዋልተር ስሚዝ በ1961 ባሳተሙት መጽሐፍ ደንቡን አስቀምጠዋል፤ የእያንዳንዱ ዓይነት ባለጉዳይ የአንድ ደቂቃ ጥበቃ የሚያደርሰው ጉዳት ለጉዳዩ አማካይ ጊዜ ይካፈላል፤ ትልቁ ውጤት ይቀድማል። ስሌቱ ንጹሕ ነው። ነገር ግን የአንዲት ነፍሰ ጡር ደቂቃና የአንድ አስመጪ ደቂቃ ስንት እንደሚያወጡ ቀመሩ አይናገርም። ያንን ቁጥር የሚሞላው መስኮቱን የሚያስተዳድረው ሰው ነው፤ በአብዛኛውም በጽሑፍ ሳያሰፍር።