ስለ አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ጣቢያና ስለ ቤቶቹ



በጠቅላላ ጉባኤያችን በታዘዝነው መሠረት ለዘንድሮው መጽሔት ስለ ባቡር ጣቢያችን ይህችን ጽሑፍ አቅርበናል። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ የምድር ባቡር ጡረተኞች ወይም የሠራተኛ ልጆች ስለሆኑ ከእኛ አብልጦ የሚያውቅ አይጠፋም። ቢሆንም ልጆቻችን ጣቢያውን የሚያውቁት ፍየል ጥላ የሚፈልግበት በረንዳ አድርገው ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል ብለናል።

አፄ ምኒልክ የባቡር መንገዱን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ሐሳቡ ሐረር እንዲገባ ነበር፤ ግን ተራራው አስቸገረ፣ ወጪው ከበደ፣ ሐዲዱም ቆላውን ይዞ ቀረ። ድሬዳዋ የምትባል ከተማ የተወለደችው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘቡ አልቆ ከሰረና ሥራው ቆመ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተፈርሞ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ የተባለው ሥራውን ተረከበ። ሐዲዱም በኤረር፣ በአፍደም፣ በሚኤሶ አድርጎ ወደ አዋሽ ወንዝ መጣ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ፣ መስመሩም ነጠላ ነበር።

ነጠላ መሆኑን ልብ ይበሉልን። በነጠላ ሐዲድ ላይ ወጪውና ወራጁ ባቡር ሊተላለፉ የሚችሉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። አንዱ ቀድሞ ከደረሰ ሌላው እስኪመጣ በጎን ሐዲድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ጣቢያ ማለት ሰው የሚሳፈርበትና የሚወርድበት ቦታ ብቻ አልነበረም፤ የመስመሩ ሁሉ ሥርዓት የሚያዘው እዚያ ነው። የጣቢያው ሹም ባቡሩን ካልለቀቀው ማንም አይለቀውም። አባቶቻችን «ሼፍ ደጋር» እያሉ ቆብ አውልቀው ሰላም የሚሏቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ታዲያ አዋሽ ለምን ከሌሎቹ ጣቢያዎች ተለየች? በመጀመሪያው ዘመን ባቡር ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራል። አንድ ባቡር ሙሉ ሰው አድሮ በጧት የሚነሳ ከሆነ እራት ያስፈልጋል፣ አልጋ ያስፈልጋል፣ ውሃ ያስፈልጋል። እንቁላል የሚሸጥ፣ ወተት የሚያመጣ፣ ዕቃ የሚሸከም፣ ልብስ የሚያጥብ ሰው ሁሉ ወደዚሁ ተሰበሰበ። በዙሪያው ያለው አገር የአፋር ከብት አርቢዎች አገር ነው፤ የወተቱና የፍየሉ ገበያ በእነሱ ቆመ። ከሐረርጌ፣ ከሸዋ፣ ከጉራጌ አገር የመጣው ደግሞ በሥራና በንግድ ተቀመጠ። ዐረቡም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም በየመስመሩ ሱቅና ምግብ ቤት ከፈተ። እንዲያው ባጭሩ ይህችን ከተማ የቆረቆራት የባቡሩ አዳር ነው ብንል አላጋነንም።

ወደ ቤቶቹ እንመለስ። የውጭ አገር ሰው አዋሽ ሲመጣ መጀመሪያ ፎቶ የሚያነሳው ቡፌውን ነው። «ቡፌ ዳዋሽ» የተባለው የጣቢያው ሆቴል ግድግዳው ወፍራም፣ በረንዳው ሰፊ፣ ቡጋንቪሊያ የወረሰው ቤት ሲሆን፣ ለረጅም ዘመን በግሪኮች እጅ ሲተዳደር ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ቆላ ወፍራም ግድግዳና ሰፊ በረንዳ ጌጥ አይደለም፤ ከቀትሩ ሙቀት ማምለጫ ነው። ዛሬ ቆርቆሮ ክዳንና ስስ ብሎኬት የሚሠሩ ሰዎች ከዚያ ቤት ጥቂት ቢማሩ ምን ነበር እንላለን።

እኛ ግን ከቡፌው ይልቅ ሊነገርላቸው የሚገባው የሐዲድ ጥገና ሠራተኞች ቤቶች ናቸው ባዮች ነን። ካቦውና ጓዶቹ ፀሐይ ሳይጠነክር በጧት ወጥተው ሐዲዱን እየተከተሉ ብሎኑን ያጠብቃሉ፣ ጠጠሩን ይሞላሉ፣ ጎርፍ የበላውን ይጠግናሉ። እዚህ አገር እንጨት ቢነጠፍ ምስጥ ስለሚጨርሰው ከሐዲዱ ሥር የተጋደመው ብረት ነበር፤ ያ ብረት በቀትር ምን ያህል እንደሚግል የነካው ያውቀዋል። ቡፌ ገብተው ቢራ የጠጡት መንገደኞች ትዝታቸውን በመጽሐፍ ጽፈዋል፤ የካቦዎቹን ግን የሚያወራ ያለ ልጆቻቸው የለም። የቀረልን ቋንቋቸው ነው። ቡፌ፣ ፉርጎ፣ ኦቶራይ፣ ለገሃር እያልን የምንናገረው ሁሉ ከፈረንሳዮቹ ጋራ ሲሠሩ ያመጡልን ነው።

ጣቢያችን ያላየው ነገር የለም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ከአዲስ አበባ ተነስተው ወደ ጅቡቲ የሄዱት በዚሁ መስመር ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ደግሞ ጣሊያን ራሱ ሲሸሽ የአዋሽን ድልድዮች አፍርሶ ገደሉን ምሽግ አደረገ። ነገር ግን የእንግሊዝ ጦር ወንዙን ተሻግሮ በጥቂት ቀን ውስጥ አዲስ አበባ ገባ። ድልድዩ እንደገና ተሠራ። በ1940ዎቹ የናፍታ ባቡር ሲመጣ ውሃና እንፋሎቱ ቀረ፣ ጉዞውም አጠረ። በ1952 ዓ.ም. በተፈረመው ውል የኢትዮጵያ መንግሥት የኩባንያውን ግማሽ ድርሻ ያዘ፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ መጣ። የፈረንሳይ ድርሻ ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ለጅቡቲ ተላለፈ። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በምሥራቅ በኩል ድልድዮች እየፈረሱ መስመሩ ተቋርጦ ነበር፤ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ተከፈተ።

አሁን ልባችን ወደሚከብድበት ነገር እንመጣለን። በጥር 1977 ዓ.ም. ለጥምቀት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ወደ 1000 የሚጠጋ ሰው የጫነ ፈጣን ባቡር አዋሽ አቅራቢያ፣ ኩርባ ላይ ባለ ድልድይ፣ ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ባቡሩ ኩርባው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን እንዳልቀነሰ ያን ጊዜ ተገልጿል። የሞተው ሰው ቁጥር እንደ ተናጋሪው ይለያያል፤ በመጀመሪያው ቀን 392 ተባለ፣ በኋላ ግን 428 ደረሰ ተብሎ ተጽፏል። የቆሰለው ከ500 በላይ ነው። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ዘመኑ የረሃብ ዘመን ስለነበር የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ስለ ድርቁ ይጽፍ ነበርና፣ የእኛ ሐዘን ሁለትና ሦስት ቀን ተወርቶ ተረሳ።

ለምን ይህን በዕድር መጽሔት ላይ አነሳነው? ምክንያቱ ይኸው ነው። በባቡር የሞተ ሰው የአንድ ሰፈር ሰው አይደለም። አንዱ የድሬዳዋ፣ አንዱ የናዝሬት፣ አንዱ የአዲስ አበባ፣ አንዷ ቅቤና ሽንኩርት ይዛ ከመንገድ የተሳፈረች ነጋዴ ናት። እያንዳንዱ ቤት የራሱን አለቀሰ፤ እያንዳንዱ ዕድር በየራሱ መዝገብ ጻፈ። ስሞቹ ተበታትነዋል። ዕድር የተባለው ነገር ራሱ እኮ የተስፋፋው አገሩን ጥሎ ከተማ የመጣ ሰው «ብሞት ማን ይቀብረኛል» ብሎ በመጨነቁ ነው። እንደ አዋሽ ባሉ የባቡር ከተሞች ይህ ጭንቀት ከሌላው ይበልጥ የበረታ ነበር፤ ዘመድ በሐዲዱ ማዶ ነዋ። ሠራተኛው በብሔርም በሃይማኖትም ሳይለያይ በአንድ ድንኳን ሥር የተቀመጠው በዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው። በ1960ዎቹ ወደ አሰብ የሚወስደው አስፋልት ከአዋሽ ተገንጥሎ ከወጣ ጀምሮ የጭነት መኪናው ባቡሩን እየቀደመው ሄደ። ሐዲዱ አረጀ፣ መለዋወጫው ጠፋ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ ጀመረ፤ የእሱ ጣቢያ ግን ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው መስመርም መነሻው አዋሽ ሆነ። ስለ አዲሱ ደስ ይለናል፤ ዕድሜ ለሠሩት። የድሮው ጣቢያ ግን ምን ይሁን?

አንዳንድ አባላት «ያረጀ ቤት ነው፣ ይፍረስና ለገበያ ይሁን» ሲሉ ሰምተናል። ቦታው ያስፈልጋል፣ እውነት ነው፤ ወጣቱም ሥራ ይፈልጋል። እኛ ግን አንስማማም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ይከለክላል። ቤቱ ግን መጀመሪያ በቅርስነት መታወቅና መመዝገብ አለበት። ለዚያ ደግሞ የትኛው ቤት ምን እንደነበረ፣ ማን ይኖርበት እንደነበረ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ቁጥራቸው በየዓመቱ ሲቀንስ የቀብር መዝገባችን ይነግረናል። ገበያውም ቢሆን ከቤቶቹ ጎን ሊሠራ ይችላል፤ ቦታ አልጠበበንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በቤታችሁ ያለ የባቡር ሠራተኛ መታወቂያ፣ የቆየ ፎቶግራፍ፣ የጉዞ ቲኬት፣ የደመወዝ ወረቀት ካለ ለዕድሩ ጸሐፊ አሳዩልን፤ ኮፒ ተደርጎ ዕቃው በዚያው ቀን ይመለሳል። ከጣቢያው ቤቶች ውስጥ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ደግሞ አንድ ቀን መጥታችሁ እያንዳንዱን ክፍል አብራችሁን ዙሩ። ሁለተኛ፣ በጥር 1977ቱ አደጋ ዘመድ የሞተባችሁ፣ ወይም በሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ቤተሰብ የምታውቁ፣ የሟቹን ሙሉ ስም ከነአባቱ፣ ከየት ወደ የት ይሄድ እንደነበረና የተቀበረበትን ቦታ ጽፋችሁ ስጡን። ለዚሁ ሥራ ከመደበኛው መዝገብ የተለየ አንድ ደብተር ተገዝቷል፤ መዋጮ አይጠየቅበትም፣ አባል ያልሆነም ማስመዝገብ ይችላል። ጸሐፊው ዘወትር እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በዕድሩ ቤት ይገኛል።