«ዘር» እና ቀለም

በሰሊጥ አምራቿ አብርሃ ጅራ ክረምቱ ሲገባ «ዘር» የሚባለው ገበሬው በእፍኙ እየዘገነ በጥቁሩ አፈር ላይ የሚበትነው ሰሊጥ ነው፤ ቃሉ «ዘርአ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ጋር ተዛምዶ ከእህል ወደ ልጅና ትውልድ፣ ከዚያም «ዘር ማንዘር» ወደሚባለው የሐረግ ቆጠራ ተሻግሯል፤ ዛሬማ፣ እጅግ በሚያሳዝን ሁኔታ፣ ብሔርን ተክቶ መወነጃጀያ ሆኗል። የአሜሪካውን የጥቁርና የነጭ ጉዳይ በዚሁ ቃል መተርጎም ግን ያሳስታል። ሰኔ 29 ቀን 2008 ዓ.ም. በሚኒሶታ ፖሊስ ፊላንዶ ካስቲልን ያስቆመው በአፍንጫው ስፋት ዘራፊ መስሎት ነበር፤ የመሣሪያ ፈቃድ የነበረው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ መታጠቁን በትሕትና ቢናገርም ወዲያው በጥይት ተገደለ። የተመዘነው መልኩ እንጂ የአያት ቅድመ አያቱ ሐረግ አይደለምና፣ ጉዳዩ «የቆዳ ቀለም»፣ ለበደሉም «የቀለም መድልዎ» ቢባል ይበልጥ ይስማማል።