ኢዲዶ የት ገባች?

ኢዲዶ ከይርጋጨፌ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኝ ቀበሌ ናት። ስሟን የሰማ አዲስ አበቤ ብዙ አይመስለኝም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ግን ውጭ አገር ያሉ ቡና ቆዪዎች ‹‹ኢዲዶ ሚስቲ ቫሊ›› የሚባለውን ቡና ይሻሙበት ነበር። ከዚያ ስሙ ከከረጢቱ ላይ ጠፋ። ያጠፋው ድርቅ አይደለም፣ የቡና በሽታም አይደለም። የደረጃ አወጣጥ ደንብ ነው።

ጊዜው ራሱ ያስገርማል። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከስታርባክስ ጋር ተስማምታ የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም አስከበረች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2001 ዓ.ም.፣ የግል ነጋዴው ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ትልቁ ስም ተከበረ፤ ትንንሾቹ ተዋጡ።

እንዴት ተዋጡ? አቅራቢው ቡናውን መጋዘን ያስገባል። ናሙናው የባለቤቱ ስም ተሸፍኖ በኮድ ወደ ቀማሾቹ ይሄዳል። ከመቶው 40 ነጥብ ለጥሬው ፍሬ ነው፤ 60ው ለስኒው። ቀማሹ ምላስ ላይ የይርጋጨፌ ጠባይ ከተገኘ ‹‹ይርጋጨፌ ኤ››፣ ካልተገኘ ‹‹ይርጋጨፌ ቢ›› ይባላል። (እዚያው ጌዴኦ ጓሮ የበቀለ ቡና ‹‹ቢ›› ሲባል ገበሬው ምን ይበል?) ከዚህ በኋላ እኩል ደረጃ ያገኘ ቡና ሁሉ አንድ ዕቃ ነው። የኢዲዶው ከሌላው አይለይም።

ኮዱን ግን መስደብ አይገባም። የማን ቡና እንደሚቀምስ የማያውቅ ቀማሽ ለማዳላት ይቸገራል፤ ሻጩም ገንዘቡን በማግስቱ ያገኝ ጀመር። የድሮውን ጨረታ ለሚያውቅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስህተቱ ለበቆሎ የሚሆን ሐሳብ ለቡና መዋሉ ነው። በቆሎ ከየትም ቢመጣ በቆሎ ነው። የኢዲዶን ቡና የሚፈልግ ሰው ግን የሚከፍለው ለኢዲዶ ነው።

ዩኒየኖቹ ከዚህ ግዴታ ነፃ ነበሩ። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ሕብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በቀጥታ ይልክ ስለነበር፣ አባሉ የሆነው የኢዲዶ ማኅበር ስሙን ይዞ ቆየ። እሸቱን ለግል ማጠቢያ ጣቢያ የሸጠ ጎረቤት ግን ይሄ ዕድል አልነበረውም። ሁለት አጥር የሚጋሩ ገበሬዎች፣ አንዱ ስም ያለው፣ አንዱ ፊደል ብቻ!

ሕጉ የተለወጠው በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 ነው። ቡናው የበቀለበት ቦታ ተለይቶ እንዲሸጥ በር ተከፈተ፤ በኋላም አቅራቢና ላኪ በቀጥታ መገበያየት ቻሉ።

የቀማሾቹ ሙያ ራሱም በዓለም ደረጃ እየተቀየረ ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበት የነበረውን የቅምሻ ቅጽ የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር በአዲስ መመዘኛ ተክቶታል። የኪው ግሬደር ፈቃድም ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሰጠው በዚሁ መመዘኛ ነው። ቀማሹ ጣዕሙን የሚገልጽበትና ጥራቱን የሚፈርድበት ቅጽ ተለያይቷል። ቦታ፣ አምራች፣ የምስክር ወረቀት ደግሞ የራሳቸው ቅጽ አላቸው። ምላስ በኮድ ይቀምሳል፣ ስሙም አይጠፋም። እኛ በ2001 ሁለቱ አብረው አይሄዱም ብለን ነበር።

አሁን የቀረው ወጪው ነው። ቅጹ ላይ ‹‹ኢዲዶ›› ተብሎ እንዲጻፍ ያ እሸት ለብቻው መታጠብ፣ በራሱ አልጋ ላይ መድረቅ፣ በራሱ ጆንያ መከማቸት አለበት። የዚህን ሒሳብ ማን እንደሚከፍል አዋጁም ቅጹም አልጻፉትም።