ስምን መልአክ ያወጣዋል? የአማርኛ ፋይልና የ«ሴቲንግ» ታሪክ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገሬ ሰው። ለሰው ልጅ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። በኮምፒዩተር ተጽፎ ለሚቀመጥ የአማርኛ ደብዳቤ ግን ስም የሚያወጣለት መልአክ አይደለም፤ ማንም ልብ ብሎ የማያየው፣ በአንድ ጥግ የተሸጎጠ «ሴቲንግ» የሚባል ማስተካከያ ነው። ደብዳቤው በምን ፊደል እንደሚጠራ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚመዘገብ፣ በሌላ ማሽን ሲከፈት ይነበብ አይነበብ እንደሆነ የሚወስነው ይኸው ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር ላይ የሠራ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል። ደብዳቤው ከራስጌው እስከ ግርጌው ጥርት ባለ አማርኛ ተጽፏል፤ የፋይሉ ስም ግን በላቲን ፊደል ነው። «የሠራተኛ ዝውውር» የሚለው ጉዳይ በስድስት ሰባት የላቲን ፊደላት ተጨምቆ፣ አናባቢው ተራግፎ ይቀመጣል። ምን ለማለት እንደተፈለገ የምታውቀው ጸሐፊዋ ብቻ ናት። እርሷ ወደ ሌላ ክፍል ስትዛወር የመዝገቡ ቁልፍም አብሯት ይዛወራል። ለመሆኑ ደብዳቤው አማርኛ ሆኖ ሳለ ስሙ ለምን ባዕድ ሆነ?

መሣሪያና ፊደል

ፊደላችን ከመሣሪያ ጋር ሲደራደር ኮምፒዩተር የመጀመሪያው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ሲያሳትም ለእያንዳንዱ ፊደል እርሳስ መቅረጽ ነበረበት። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲቋቋምም የፊደል ለቃሚው ሳጥን ከአውሮፓውያኑ ሳጥን እጅግ የሰፋ መሆኑ ግድ ነበር። ታይፕራይተር ሲመጣ ደግሞ ሳጥኑን ማስፋት አልተቻለም፤ የመሣሪያው ቁልፎች የተቆጠሩ ናቸውና። ስለዚህ ኢንጂነር አያና ብሩን የመሳሰሉ ሰዎች ፊደሉን በመሣሪያው ልክ ለማድረግ ብዙ ደከሙ። በአማርኛው ታይፕራይተር እናት ፊደሉ አንድ ጊዜ፣ እግሩ ወይም ቀለበቱ ሌላ ጊዜ እየተመታ አንድ ሆሄ ይወጣ ነበር።

ኮምፒዩተር በበኩሉ ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የቁጥር ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ኋላም ወደ 256 ሰፋ። የእኛ ሆሄያት ከነዲቃላዎቻቸው፣ ከነቁጥሮቻቸውና ከነሥርዓተ ነጥባቸው ይህን ቦታ ከላቲን ፊደል ጋር ተጋርተው ሊኖሩበት አይችሉም። እናም የሶፍትዌር ባለሙያዎቻችን በሀገር ውስጥም በባሕር ማዶም አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቁጥር ላይ የግዕዝን ፊደል ሥዕል አስቀመጡበት። ማሽኑ የላቲን ፊደል የጻፈ ይመስለዋል፤ ዓይናችን ግን «ሀ»ን ያያል። አንዳንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው እንደ ታይፕራይተሩ እናቱንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀመጠ። «አጋፋሪ»፣ «ብራና»፣ «ፊደል»፣ «ፓወር ግዕዝ»፣ «ቪዥዋል ግዕዝ» የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ጋዜጦችና መጽሔቶች ባልወጡ ነበር፤ ውለታቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ይሁን እንጂ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሠንጠረዥ ሠሩ። በአንዱ «መ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ጨ» ሊሆን ይችላል። ያው ፎንት ወደሌለበት ማሽን የሄደ ደብዳቤ ደግሞ ሲከፈት የቃለ አጋኖ፣ የሣንቲምና የቅንፍ ምልክቶች ክምር ይሆናል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመተርጎም የተነሡ ባለሙያዎች በደርዘን የሚቆጠሩ ሠንጠረዦች አጋጥመዋቸዋል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብም በ1980ዎቹ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት ያዘጋጁት፣ አማርኛና ትግርኛ ቢያንስ በላቲን ፊደል ተጽፎ ከማሽን ማሽን ሳይበላሽ እንዲሻገር ብለው ነበር።

ገመዱ ሲዘረጋ

አንድ ኮምፒዩተር ለብቻው እስከተቀመጠ ድረስ ችግሩ የቤት ገበና ነበር። ገበናው አደባባይ የወጣው ማሽኖች በገመድ ሲተሳሰሩ ነው። በአዲስ አበባ በኢኮኖሚክ ኮሚሽን ፎር አፍሪካ ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ማዕከል በስልክ መስመር የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ የሚያመላልስ ጣቢያ ከፍቶ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። በየመሥሪያ ቤቱም የፋይል ሰርቨር የሚባለው ሥራ ተለመደ።

የፋይል ሰርቨር ማለት በአጭሩ የጋራ መዝገብ ቤት ነው። ሁሉም ከየጠረጴዛው ሆኖ ወደ አንድ ማሽን ይገባል፤ ያስቀምጣል፤ ያወጣል። ማን የቱን ክፍል እንደሚከፍት፣ ማን ማንበብ ብቻ፣ ማን መሰረዝም እንደሚችል የሚወሰነው በማስተካከያው ነው። በዚያን ጊዜ በዓለም ገበያ ላይ ገንኖ የነበረው ኖቬል ኔትዌር ሆነ ከሥሩ ይሠራ የነበረው ዶስ፣ ለፋይል ስም የሚፈቅደው ስምንት ፊደልና ከነጥብ በኋላ ሦስት ነበር።

ከዚህ ላይ ከመግቢያችን ጥያቄ እንገናኛለን። የአማርኛው ፎንት የሚሠራው በደብዳቤው ገላ ላይ ነው። የፋይሉን ስም የሚጽፈው ግን ሰርቨሩ ነው፤ ሰርቨሩም የእኛን ፎንት አያውቅም። ስለዚህ አማርኛ ቤት ውስጥ እንዲኖር ተፈቀደለት እንጂ በሩ ላይ ስሙን እንዲለጥፍ አልተፈቀደለትም። መዝገብ ቤት ውስጥ ያለው የካርቶን ፋይል በጀርባው ላይ በአማርኛ ሲጠራ፣ የኤሌክትሮኒኩ ወንድሙ በባዕድ ምህጻረ ቃል ይጠራ ጀመር።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ሠንጠረዥ በሦስተኛ እትሙ 345 የግዕዝ ሆሄያትን፣ ቁጥሮችንና ምልክቶችን መዘገበ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በአዲስ አበባም በቶኪዮም አንድ ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ኤንቲ ከ1993 ጀምሮ የፋይል ስምን በዩኒኮድ ያስቀምጥ ስለነበር ቤቱ ተሠርቶ የእኛን መግባት ብቻ ይጠብቅ ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም በደጋ አጋዘናችን «ኒያላ» ብሎ የሰየመውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ።

ሆኖም ሠንጠረዡ መኖሩ ብቻ አልበቃም፤ ማስተካከያው መነካት ነበረበት። አውስትራሊያዊው አንድሪው ትሪጅል የጀመረውን ሳምባን እንውሰድ። ይህ ሶፍትዌር ሊኑክስ የሚሠራበትን ማሽን ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች የፋይል ሰርቨር ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሦስተኛ እትሙ ዩኒኮድን ሲቀበል፣ በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ሁለት አጫጭር መስመሮች ነበሩት። አንደኛው ስሞች በዲስኩ ላይ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚጻፉ፣ ሁለተኛው ከአሮጌ ማሽኖች ጋር በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚነጋገር ይናገራሉ። ማንም ካልነካው ሁለተኛው የምዕራብ አውሮፓን ሠንጠረዥ ይይዛል። በዚያ ሠንጠረዥ «ሀ» የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል በአሮጌው ማሽን ላይ ወይ በጥያቄ ምልክት ወይ በማይገባ ምትክ ስም ይታያል።

በጥያቄ ምልክቱና በድሮው የምልክት ክምር መካከል ያለው ልዩነት ሊጤን ይገባዋል። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ አስቀያሚ ይሁን እንጂ ፎንቱ ከታወቀ ቁጥሩ ወደ ዩኒኮድ ይመለሳል፤ ቁልፉ የተቀመጠ ቁልፍ ቤት ነው። ተገልብጦ ሲቀመጥ ወደ ጥያቄ ምልክት የተለወጠ ስም ግን አይመለስም። ሁሉም ፊደል አንድ ዓይነት ምልክት ሆኗልና። ይህን ጉዳት የሚያደርሰው ደግሞ ሌባ ወይም እሳት አይደለም፤ ማንም ያልነካው መስመር ነው።

ሐምሌና ሀምሌ

ዛሬ በቤቴል መንገድ ዳር ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ብንገባ፣ ሁለት ሦስት ኮምፒዩተሮች አንድ ማተሚያና አንድ የጋራ ፎልደር ይዘው እናገኝ ይሆናል። ይህችም በአቅሟ የፋይል ሰርቨር ናት። የሰፈሩ የእድር ደንብ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ፣ የሥራ ማመልከቻ ሁሉ በእርሷ ያልፋል። ስሙም አሁን በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል። ታዲያ ነገሩ አበቃ?

አላበቃም። አንዷ ጸሐፊ ፎልደሩን «ሐምሌ» ብላ ትሰይመዋለች፤ ባልደረባዋ «ሀምሌ» ይላል። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለሰርቨሩ ግን ሁለት ቤት ናቸው፤ በአንዱ ሲፈለግ ሌላው አይገኝም። ዩኒኮድ ሞክሼ ፊደላትን መለየቱ ስሕተት አይደለም። በግዕዝ «ሰአለ» ለመነ ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነውና ልዩነቱ መጠበቅ አለበት። መስማማት የሚኖርብን እኛው ነን።

የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰርቨሩ ግን ፋይሉ የተጻፈበትን ቀን በፈረንጆቹ ቆጥሮ ይመዘግባል። የ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 1 በእርሱ ዘንድ የ2024 ጁላይ 8 ነው። ሰዓቱም ጧት 1 ሰዓት ሲሆን 7 ይላል። የእኛን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰሉ ፕሮግራሞች ዛሬ ሞልተዋል፤ የሰርቨሩ መዝገብ ግን በተለመደው ይቀጥላል። በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀንና በመዝገቡ ላይ ያለው ቀን ሲለያዩ፣ ክርክር በተነሣ ዕለት የትኛው ይታመናል?

ለዚህ ትልቅ ገንዘብ አያሻም። አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ እድር በአንድ ገጽ ላይ ጥቂት ነገር ቢወስን ይበቃል፦ ስም በዩኒኮድ አማርኛ ይጻፍ፤ ለሞክሼ ፊደላት አንድ አጻጻፍ ይመረጥ፤ ዓመተ ምሕረቱ ከስሙ ፊት ይቅደም፤ በአሮጌ ፎንት የተጻፈው ሁሉ ፎንቱን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ይገልበጥ። በብዙው የሊኑክስ ዲስክ ላይ ለአንድ ስም የሚፈቀደው 255 ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ሆሄያችን ሦስት ባይት ስለሚወስድ እስከ 85 ፊደል ይዘልቃል። ከስምንት የላቲን ፊደል ተነሥተን እዚህ ደርሰናል። ለአንድ ደብዳቤ ጥሩ ስም ለማውጣት 85 ፊደል ከበቂ በላይ ነው፤ የጎደለው መልአክ ሳይሆን ተቀምጦ የሚስማማ ሰው ነው።