መውደቅ እና መሬት፦ ስለ አረጋውያን ጧሪነት ታሪክ ከእስቴ የተነሣ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ መንግሥታት መውደቅ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ እግር ከድቶ መሬት ላይ ስለ መውደቅ ነው። የታሪክ ሰው ምን አገባው የምትሉ ትኖራላችሁ። በእኛ አገር የወላጅ መውደቅ ከጤና አልፎ የሥልጣን ጉዳይ ስለሆነ ያገባዋል እላለሁ።

ከላይኛው ምሳሌ ልጀምር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በግንቦት 1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው አድርገው አሳወቁ፤ በጥቅምት 1902 ከባድ ሕመም ሰውነታቸውን ሽባ አደረገው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአደባባይ ራቁ። በአልጋቸው ዙሪያ ሆነው አገር ያስተዳድሩ የነበሩት እቴጌ ጣይቱ በመጋቢት 1902 በመኳንንቱ ተገለሉ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉ እንኳ ቤተ መንግሥቱ ሞታቸውን ለሕዝብ አላወጀም። ድካም ከታወቀ ሥልጣን ይተላለፋልና ድካም ይደበቃል።

በገበሬው ቤትም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በበጌምድር ርስት ከአባትም ከእናትም ወገን ይወረስ ነበር። ልጆች ብዙ፣ መሬቱ ጥቂት ነው፤ ማን የት እንዲያርስ ግን ወላጆች በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይሰማ ነበር። አሮጊቷ ጉልበት ባይኖራትም የምትሰጠው ነገር ነበራት፤ ልጆቿም ከጎጆዋ አይርቁም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ግንኙነት «ቀለብ» ብሎ ጻፈው፦ ምግብ፣ መኖሪያ፣ ልብስ፣ ሕክምና። ሌሊት ተነሥቶ ክንድ መስጠት በቀለብ አይለካም። የ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ ቁጥር 31 በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክል፣ ባለይዞታው የሞተበትን፣ የታመመበትን ወይም ያረጀበትን ቤተ ሰብ ከክልከላው ለይቶ አውጥቷል፤ እርጅና በመሬት ሕጋችን ውስጥ በግልጽ የተጠራበት ቦታ ስለሆነ ሳነበው ሁልጊዜ እቆምበታለሁ። «ጡረታ» የሚለው ቃልም «ጦረ» ከሚለው ከቤት ውስጥ ግስ ወጥቶ በዐዋጅ ቁጥር 209/1955 የመንግሥት ሠራተኛ አበል ሆኗል። ዐዋጅ ቁጥር 715/2003 የግል ድርጅት ሠራተኛውን ጨመረ። ገበሬው ከሁለቱም ውጭ ነው፤ ጡረታው ይዞታው ነው።

እናቴ መካነ ኢየሱስ ትኖራለች። ባለፉት ሁለት ዓመታት ደጋግማ ወድቃለች፤ በክረምት ጭቃው አዳልጧት፣ ሌላ ጊዜ በደረቅ መሬት፣ ከመደቡ ስትነሣ ዞሮባት። እኛ የምናውቀው ከቁስሉ ነው። «ጥጃዋ ገፍታኝ ነው» ትላለች፤ ጥጃዋ ከተሸጠች ቆይታለች። ያመጣሁላትን ከዘራ ጥግ አስደግፋ ተወችው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግን መቋሚያዋን ትይዛለች፤ በእሷ ዘንድ መቋሚያ የቆመ ሰው ነው፣ ከዘራ የደከመ።

እፍረት ነው የሚሉ ዘመዶች አሉ። እኔ ሰነድ እንደማነብ አነበብሁት። መሬቱን የሚያርሰው ታናሽ ወንድሜ ይዞታው በስሙ እንዲዞር ይጠይቃል፤ እሷም «በእግሬ ሳለሁ አልሰጥም» ብላለች። መውደቋን ካመነች ክርክሯ ያበቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት መውደቅ በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎችን እንደሚገድልና ከእነዚህም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች እንደሚሞቱ ይገልጻል። የሚሰጣቸው ምክሮችም ጥሩ ናቸው። ነገር ግን መውደቁ ካልተነገረ ምክሩ የት ላይ ይውላል?

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ለወጥነው። አስቀድመን በሽማግሌዎች ፊት፣ ይዞታው ዕድሜዋን ሙሉ በስሟ እንዲቆይ ተስማማን። ወንድሜ አኩርፎ ነበር፤ አልፈርድበትም፣ አራሹ እሱ ነው፣ እኔ ከከተማ ገንዘብ እልካለሁ እንጂ። ስለ እግሯ የተነጋገርነው ከዚያ በኋላ ነው። የበሩ ደፍ ዝቅ አለ፤ ሌሊት መብራት አይጠፋም፤ የወንድሜ ልጅ አብራት ታድራለች፤ ደብረ ታቦር ሄዳ ዓይኗና የደም ግፊቷ ታየ። መውደቁ አልቆመም። በዚህ ክረምት ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሁለቱንም ጊዜ በዚያው ቀን ነግራናለች።