የምስክር ቤትና ማዘጋጃ ቤት፦ አዲስ አሠራር በከተሞች ስለሚዘልቅበት መንገድ

አዲስ አሠራር በአዋጅ ሊደነገግ ይችላል፤ የሚዘልቀው ግን ጠንቅቆ የሚያውቀውና ለሌላው የሚያስተላልፈው ሰው ሲገኝ ነው። ይህ ጽሑፍ ከተሞቻችን ለአዲስ አሠራር የሚበቃ ችሎታ ለማዳበር የተጓዙበትን መንገድ በአጭሩ ከገለጸ በኋላ፣ በጋይንት የሚገኘው የቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤ ቤት በዚህ ረገድ የሚሰጠንን ትምህርት ለማመልከት ይሞክራል።

የማዘጋጃ ቤቶች ሕጋዊ አቋም በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ተደነገገ። የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያሠለጥነው የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት ግን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዕርዳታ የተቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1952 እ.ኤ.አ. ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆኑ፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶችን የማስተዳደር ኃላፊነት በቀበሌ ማኅበራት ላይ ወደቀ። ትናንት ጎረቤት ብቻ የነበረው የኮሚቴ አባል ደረሰኝ መቍረጥና መዝገብ መያዝ ግዴታው ሆነ። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 7 ክልላዊ መስተዳድሮች ሲቋቋሙም የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ሥራውን የጀመረው በ1987 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በየጊዜው ሥራው ቀድሞ፣ ሠራተኛውን የማዘጋጀቱ ጉዳይ ተከትሏል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ ሥልጠና ለግለሰብ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ሠልጣኙ ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ተተኪው ከሀሁ ይጀምራል፤ ባለጉዳዩም በየቢሮው ደጃፍ ይመላለሳል።

ቤተ ልሔም ይህን ችግር የፈታችበት ዘዴ ልብ ሊባል ይገባዋል። የድጓ ተማሪ በየአገሩ ካሉ መምህራን ዜማውን ከተማረ በኋላ፣ ራሱ መምህር ለመሆን ሲፈልግ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል። በዚያም ያጠናውን ከመምህሩ ፊት ያቀናል፤ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ ከነምልክቱ ያዘጋጃል። በችሎታው ሲመሰከርለት ወንበር ዘርግቶ ጉባኤ ይከፍታል። በጉባኤ ቤቱም ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናልና ማስተማርን የሚለማመደው ገና ተማሪ ሳለ ነው።

እርግጥ ነው፣ የጉባኤ ቤቱ ተግባር የተቀበሉትን መጠበቅ ሲሆን፣ የከተማ አስተዳደር ግን ከነዋሪው ብዛትና ፍላጎት ጋር መለወጥ አለበት የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን የዜማው ምልክት ራሱ በዘመኑ አዲስ አሠራር ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚያስረዳው፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት አደራጁ። ፈጠራው ከሁለቱ ሊቃውንት ዕድሜ በላይ የኖረው፣ ተቀብለው የሚያስተምሩና ማስተማራቸውም የሚመሰከርላቸው መምህራን በተከታታይ ስለተገኙለት ነው።

በመሆኑም ለዕቅድ አውጪዎችና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ሦስት ነጥቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ የከተማ ሠራተኛ ሥልጠናውን ሲጨርስ ፈተናው በራሱ ከተማ እውነተኛ ሥራ፣ ለምሳሌ በአንድ ሠፈር የቦታ መዝገብ ወይም የውሃ ሒሳብ ላይ ይሁን። ሁለተኛ፣ አሠራሩን በእጁ ጽፎ ለመሥሪያ ቤቱ ያስረክብ። ሦስተኛ፣ ቢያንስ አንድ ረዳት አስተምሮ ረዳቱ ያለ እርሱ እገዛ ሲሠራ ካልታየ በቀር የምስክር ወረቀቱ አይሰጠው። ይህን ለማድረግ ትልቅ ሕንፃ አያስፈልግም፤ በየከተማው ያሉ መምህራንም በፈታኝነት ሊያግዙ ይችላሉ። የሥልጠና ውጤት በሠልጣኞች ቍጥር ብቻ መለካቱ ቀርቶ፣ ሠልጣኙ ከሄደ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ በቀረው ችሎታ መመዘን ይኖርበታል።